ተኝቶ ስለ መከበር

በታሪክ ትምህርት ክፍል ስለ ዳግማዊ ምኒልክ የመጨረሻ ዘመን ስንማር ደብተራችን በስምና በቀን ይሞላል። በግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽነት በዐዋጅ መነገሩ፣ የራስ ተሰማ እንደራሴነት፣ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ እቴጌ ጣይቱን ከመንግሥት ሥራ ማራቃቸው፣ ይህ ሁሉ በፈተና ይጠየቃል። የነገሩ ሁሉ መነሻ የሆነው በሽታ ግን በአንድ መስመር ይታለፋል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ በጠና ተመትተው እስከ ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ከአራት ዓመት በላይ ቆዩ። በእነዚያ አራት ዓመታት የትኛው እጃቸው ይንቀሳቀስ ነበር? የሚነገራቸውን ይሰሙ ነበር ወይስ አይሰሙም? ከመንግሥት ሥራ ተገፍተው ወደ አስታማሚነት የተመለሱት እቴጌ በየቀኑ ምን ያደርጉላቸው ነበር? እነዚህን የጠየቀ ተማሪ አላየሁም። እኔም በቤታችን የሆነው እስኪሆን ድረስ አልጠየቅሁም።

በሽታው ዛሬ ስትሮክ የምንለው ነው። በየመንደሩ ግን ስሙ ብዙ ነው፤ አንዱ ምች ነው ይላል፣ ሌላው ልክፍት ነው ይላል፣ ሦስተኛው ደም ግፊት ጣላት ይላል። ሦስተኛው ወደ እውነቱ ይቀርባል። ወደ አንጐል ደም የሚወስድ ሥር በረጋ ደም ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ፣ በዚያ ሥር ይመገብ የነበረው የአንጐል ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራል። የግራው አንጐል ቀኙን ጎን ስለሚያዝ፣ በአብዛኛው ሰው ዘንድም የቋንቋ መኖሪያ እርሱ ስለ ሆነ፣ ግራው የተጐዳበት ሰው ቀኝ እጁንና ንግግሩን ባንድ ጧት ሊያጣ ይችላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 12 ሚሊዮን ያህል ሰው ይመታል። ግፊትን ስለ መለካት፣ ጨውንም ስለ መቀነስ የሕክምና ፋኩልቲ ወንድሞቻችን በየጊዜው ይነግሩናልና ያን ለእነርሱ እተወዋለሁ። የእኔ ነገር ከሞት ስለ ተረፈው ሰው ነው።

ያሳደገችኝ አክስቴ፣ እቴቴ የምላት፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. አንድ ጧት ጥጥ ስትፈትል እንዝርቱ ከእጇ ወደቀ። ልታነሣው ስታጐነብስ እርሷም ተከትላ ወደቀች። ሆስፒታል ስድስት ቀን ተኛች። ስትወጣ በተሰጠን ወረቀት ላይ የሦስት መድኃኒት ስምና የቀጠሮ ቀን ተጽፎ ነበር፤ ስለ እጇ፣ ስለ እግሯ፣ ስለ አፏ አንድ ቃል አልነበረበትም።

ቤት ስንገባ ያለንን ፍቅር ሁሉ አወጣን። አልጋዋን ከጓዳ ወደ ሳሎን አወጣንላት። ልጆቿ ያጐርሷታል፣ ያለብሷታል፣ ትራሷን ያደላድላሉ። አንድ ነገር ለማንሣት ደኅናውን ግራ እጇን እንኳ ስትዘረጋ «ተይ፣ ተይ፣ አትድከሚ» ብሎ ሦስት ሰው ይነሣል። ከአልጋ ስናነሣት የምንይዛት በሰነፈው ክንዷ ነበር፤ ትከሻዋ ሌሊት ሌሊት የሚያስጮኻት በዚህ ምክንያት እንደ ሆነ የገባን ከብዙ ወር በኋላ ነው። ውሃ የምናጠጣት በጀርባዋ እንደ ተኛች ነበር፤ ትን ሲላት ጀርባዋን መታ መታ እናደርጋለን። ጕሮሮም እንደ እጅ ሊሰንፍ እንደሚችል፣ ውሃውና ምራቁ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ሊያመጣ እንደሚችል የነገረን ሰው የለም። በእግዚአብሔር ቸርነት ያ አልደረሰባትም።

ከንግግሯ የቀረላት አንድ ቃል ነበር፤ «እሺ»። ለምሳም እሺ፣ ለመድኃኒትም እሺ፣ ጠያቂ ሲመጣም እሺ፣ ሲሄድም እሺ። ይህ የእርሷ ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1861 ፖል ብሮካ የተባለው የፈረንሳይ ሐኪም የመረመረው ሰው «ታን» ከምትል ድምፅ በቀር ምንም አይወጣውም ነበር፤ ሲሞት ብሮካ አንጐሉን አይቶ ጕዳቱን በግራ ግንባር በኩል አገኘው። ከእኛ ቤት ግን ማንም ስለ ብሮካ አልሰማም። ጠያቂዎቹ «እግዚአብሔር ይማርሽ» ብለው ከተቀመጡ በኋላ በአናቷ ላይ ያወራሉ፤ እንደማትሰማ፣ እንደ ሕፃን፣ እንዲያውም እንደ ዕቃ። እርሷ እሺ ስትል «አመለ መልካም! በሕመሟ እንኳ አታማርርም» ይሏታል።

ሌላም ያስደነቀን ነገር ነበር። ውሃ ለመጠየቅ አንድ ቃል የማይወጣት ሴት አቡነ ዘበሰማያት ስንጀምርላት እስከ መጨረሻው ትከተለናለች። አንዱ ጎረቤት ተአምር ነው አለ። ሌላው ደግሞ መናገር ትችላለች፣ እየለገመች ነው አለ፤ ይህን ያለው ሰው እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። በልማድ የተያዘ ጸሎት፣ ቊጥር፣ ዜማ (ስድብም እንዲሁ) አዲስ ዐረፍተ ነገር ከሚፈጠርበት በተለየ መንገድ ከአንጐል ይወጣል። በስዊድን ኡሎፍ ዳሊን መናገር ያቃተው ሰው መዝሙር ግን ይዘምር እንደ ነበር የጻፈው በ1745 ነው፤ በ1973 ደግሞ በአሜሪካ ያሉ ሐኪሞች ከዜማ ተነሥተው ሰውን ወደ ንግግር የሚመሩበትን ዘዴ አወጡ። ዜማና ድጓ ባለበት አገር ይህን ለማመን ሌላ ማስረጃ የሚፈልግ አይመስለኝም።

ጥር ላይ የመድኃኒት መግዣ አጠረን። ላሟን ለመሸጥ ቤተ ዘመዱ ተመካከረ። ላሟ የእቴቴ ናትና እርሷ ትጠየቅ ተባለ፤ የተማረ ነው ተብሎ እንድጠይቃት የተመረጥሁት እኔ ነኝ። «እቴቴ፣ ላሟን እንሽጣት?» አልኋት። «እሺ» አለችኝ። ላሟ ከበር ስትነዳ አለቀሰች። ይህ ሕመም ያለ ምክንያት ያስለቅሳል ተብሎ ተነግሮን ነበርና፣ ሕመሟ ነው አልን።

አሁን ወደ ሳይንሱ ልሂድ፤ ያለ እርሱ የቤታችንን ጥፋት መረዳት አልችልም ነበርና። የሞተ የአንጐል ክፍል አይነሣም። ብዙ ሰው፣ ብዙ የተማረ ሰውም ጭምር፣ በዚህ ላይ ይቆማል። ነገር ግን ከሞተው አጠገብ ያለው ሕያው ነው፤ ያም ሕያው ክፍል የሚሆነው በሚሰጠው ሥራ መጠን ነው። በ1996 ራንዶልፍ ኑዶና የሥራ ባልደረቦቹ በጦጣዎች አንጐል ውስጥ እጅን በሚያዝዘው ቦታ ላይ ትንሽ ጕዳት አደረሱ። ያለ ልምምድ የተተዉት ጦጣዎች ያልተነካውን፣ ከጕዳቱ ጐን የነበረውን የእጅ ቦታ ጭምር እያጡ ሄዱ። በታመመው እጃቸው ከትንንሽ ጕድጓድ ምግብ እንዲለቅሙ የተደረጉት ግን ይህን ቦታ አላጡም፤ እንዲያውም በአንዳንዶቹ ቀድሞ ክርንና ትከሻን ያዝዝ የነበረው ቦታ የእጅ ሆኖ ተገኘ። ይህን ሁለት ጊዜ ማንበብ ይገባል። ዝም ብሎ መተኛት ባለበት መቆየት አይደለም፤ በየቀኑ ተጨማሪ ነገር ማጣት ነው።

ኤድዋርድ ታውብ የተባለው ሌላው ተመራማሪ ያየው ከዚህ ይቀድማል። አንድ ክንዳቸው ስሜት እንዲያጣ የተደረጉ ጦጣዎች በክንዱ መሥራት ይተዋሉ፤ ደኅናው ክንድ ሲታሰርባቸው ግን የተውትን ማንቀሳቀስ ይጀምራሉ። እንግዲህ ክንዱ ከጕዳቱ በላይ የተጐዳው በመተው ነው። እንስሳው ሞክሮ ሞክሮ ሲያቅተው፣ በሌላው እጅ መሥራት ሲቀልለው፣ አለመጠቀምን ተማረ ማለት ነው። (ስለ ጦጣዎቹ አያያዝ በ1981 በታውብ ላይ ክስ ተነሥቶ በአሜሪካ ብዙ ክርክር ሆኗል፤ ክርክሩ ከንቱ አልነበረም።) ከዚህ የመጣው ሕክምና በሰው ላይ ተፈተነ፤ ውጤቱም በ2006 ታተመ። ከተመቱ ከሦስት እስከ ዘጠኝ ወር የሆናቸው 222 ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ አንደኛው ወገን ለሁለት ሳምንት ነቅቶ ከሚቆይበት ሰዓት አብዛኛውን ደኅናው እጅ በጓንት ታስሮ ዋለ፤ በሥራ ቀን እስከ ስድስት ሰዓት ድረስም በታመመው እጅ ዕቃ ማንሣት፣ መቈለፍ፣ መክፈት ተለማመደ። ከዓመት በኋላም እንደ ልማዱ ከታከመው ወገን በልጦ ተገኘ። ነገር ግን ይህ አንጓውንና ጣቶቹን በጥቂቱም ቢሆን ማንቀሳቀስ ለሚችል ሰው ነው። ፈጽሞ ለማይንቀሳቀስ እጅ ይህን ተስፋ መሸጥ ሌላ በደል ይሆናል።

በእኛ አገር ይህ ሁሉ የሚጋጨው ከምን ጋር ነው ብትሉ፣ ከድኅነት አስቀድሞ ከክብር ጋር ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነኝ የሩቅ አገር ሰው ነው። ፔድሮ ባኪ ሪታ በኒው ዮርክ ሲቲ ኰሌጅ መምህር ነበር፤ የቋንቋ ሰው፣ ገጣሚም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ተመትቶ አንድ ጎኑንና ንግግሩን አጣ። የሕክምና ተማሪ የነበረው ልጁ ጆርጅ ወደ ሜክሲኮ ወሰደውና፣ መራመድ ካቃተው እንደ ሕፃን ከመዳህ ይጀምር ብሎ በግድግዳ እያስደገፈ ያስድኸው ጀመር። ጎረቤቶቹ ነቀፉ፤ የተከበረ ምሁር በአራት እግሩ እንዴት ይሄዳል አሉ። ልጁ አልሰማቸውም። ከመዳህ ወደ ጕልበት፣ ከጕልበት ወደ መቆም፤ በሰነፈው እጅ ብይ መልቀም፣ ድስት ማጠብ። ሰውየው ከጊዜ በኋላ ወደ ማስተማር ሥራው ተመለሰ፤ በ1965 የሞተውም በኰሎምቢያ ተራራ ሲወጣ ነው። ሬሳው ሲመረመር ሐኪሞቹ ያገኙት ጕዳት እጅግ ሰፊና ያልዳነ ነበር። ሌላው ልጁ ፖል፣ ሐኪሙ፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን የሰጠው የተጐዳ አንጐል ሥራውን እንዴት እንደሚያከፋፍል ለማወቅ ነው። የአንድ ሰው ታሪክ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ይህን ዐውቃለሁ። እኔ የምጠይቀው ግን፣ ያ ጎረቤት የኛ ጎረቤት ቢሆን ኖሮ ማን ያሸንፍ ነበር?

በእኛ ዘንድ የተከበረ ሰው አይሠራም፤ ይሠራለታል። ዕድሜ ሲጨመርበት ይህ ይጠነክራል፤ በሽታ ሲጨመርበት ሕግ ይሆናል። እናቱን «ይህን ስኒ በቀኝ እጅሽ አንሺ፤ ብታፈሺውም ግድ የለም፤ እንደገና» የሚል ልጅ ጨካኝ ይባላል። የሚያጐርሳት ልጅ ይመረቃል። ስለዚህ ምርቃት የሚወድ ሁሉ ያጐርሳል። እኔ በመጀመሪያው ክረምት ዕረፍት ብዙ ተመርቄአለሁ።

በዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያ ይነሣብኛል፤ ሁለቱም እውነት አላቸው።

አንደኛው፣ እንግዲያውስ በሽተኛውን በመጀመሪያው ቀን አስነሥተን እናስሮጠው ወይ የሚል ነው። አይደለም። በ2015 የታተመ፣ በአምስት አገሮች በሚገኙ 56 ሆስፒታሎች በ2104 በሽተኞች ላይ የተደረገ ጥናት በተመቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ደጋግሞና አብዝቶ ማስነሣት ከተለመደው አያያዝ የከፋ መሆኑን አሳይቷል። ከሦስት ወር በኋላ ደኅና የሆኑት በዚህኛው ወገን 46፣ በተለመደው 50 በመቶ ነበሩ። ከዚሁ ጥናት እንደ ታየው ግን ዐጠር ዐጠር ያለና ቶሎ ቶሎ የሚደጋገም እንቅስቃሴ የተሻለ ይመስላል። ልኩን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ የመታው ራሴን ነው። እኔ ይህን ጽሑፍ ስጀምር አሳቤ ቀላል ነበር፤ ባለሙያ ስለ ሌለን ቤተ ዘመዱን እናሠልጥን፣ ነገሩ ያልቃል የሚል። ይህንኑ አሳብ በህንድ አገር በ14 ሆስፒታሎች ፈትነውት ኖሯል። በ1250 በሽተኞች ላይ የተደረገው ጥናት ውጤት በ2017 ወጣ። ቤተ ሰቡ ሠልጥኖ ያለማመዳቸውና እንዲያው የተሰናበቱት በስድስተኛው ወር እኩል ሆኑ፤ ከሁለቱም ወገን 47 በመቶው ሞቷል ወይም የሰው እጅ ጠባቂ ሆኗል። ይህን ያነበብሁ ቀን ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። ኋላ ግን ሳስበው፣ ውጤቱ የሚነግረኝ ልምምድ አይረባም ብሎ አይመስለኝም፤ ለጥቂት ቀን የሠለጠነች ልጅ የባለሙያን ሥራ በባለሙያ ልክ ልትሠራ አትችልም የሚል ነው እንጂ። ቤተ ሰብ ከጕዳት ሊጠብቅ ይችላል፤ ክንድ አለመጐተት፣ አስቀምጦ ማጠጣት፣ የሚችለውን እንዲሠራ መተው። የቀረውን በነጻ የልጅ ጕልበት ልንሸፍነው አንችልም። ያ ነጻ ጕልበትም ዘወትር የሴት ልጅ ጕልበት መሆኑን ልብ እንበል፤ በእኛ ቤት ትምህርቷን ያቋረጠችው የአክስቴ ታናሽ ልጅ ናት፤ እኔ አይደለሁም።

እንግዲህ ከመንግሥት የሚጠየቀው ምንድን ነው? እጅግ የተራቀቀ መሣሪያ አይደለም። በዚህ በሽታ ሕክምና ደጋግሞ ተፈትኖ ከጸኑት ነገሮች አንዱ፣ የተመቱትን በየክፍሉ ከመበተን ባንድ ክፍል ሰብስቦ ሐኪም፣ ነርስ፣ የፊዚዮቴራፒና የንግግር ባለሙያ ባንድነት እንዲይዟቸው ማድረግ ነው። ሞትንም፣ የሰው እጅ መጠበቅንም ይቀንሳል። የሚጠይቀው ክፍል፣ አልጋ፣ ከሁሉም በላይ የሠለጠነ ሰው ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያስተምራል፤ የሚመረቁት ሐኪም ቤት ደጃፍ ላይ ሥራ ፈልገው እንዳይንከራተቱ የሥራ ቦታ በየሆስፒታሉ ይከፈት ማለት ለማኅበራችን ከባድ ጥያቄ አይደለም። ስለ ካፊቴሪያው ወጥ ከጠየቅነው አይበልጥም።

የሕክምና ተማሪዎች የአርት ተማሪ በዚህ ምን አገባው ሳይሉኝ አይቀሩም። እንዲያውም አንዱ የሥራው ክፍል የእኛ ነው፤ ያልሠራነው እኛ ነን። ንግግሩን ያጣ ሰው የሚመረመረውና የሚለማመደው በቃልና በሥዕል ነው። በውጭ አገር ከተዘጋጁት ሥዕሎች አንዱ የበረዶ ቤት ነው። ይህን አይታ ስሙን ያልተናገረች የሰሜን ሸዋ ባልቴት አንጐሏ ደኅና ነው፤ የታመመው ሥዕሉ ነው። ጀበና፣ ሞሰብ፣ ምጣድ፣ ማረሻ፣ እንዝርት የት አሉ? የቋንቋውም ነገር እንዲሁ ነው። «አልነገረችኝም» በእኛ አንድ ቃል ነው፤ ውስጡ ግን አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አፍራሽና ጊዜ አለበት። በሌላ ቋንቋ የቃል ብዛት እየቈጠረ የተሠራ ልምምድ ተተርጕሞ ቢመጣ ለዚህ ቃል ቦታ የለውም። ከፊደልም በኩል ሀ ሁ ሂ ተብሎ በዜማ የተማረ ሰው ያ ዜማ እንደ ጸሎቱ ሳይጠፋ ሊቈየውና መንገድ ሊሆነው ይችላል ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ይህ ግምት ነው፤ መፈተን ያለበት ግን በእኛ ነው። ስለ ሥርወ ቃል መመረቂያ ጽሑፍ ስንጽፍ የምናጠፋው ወረቀት ጥቂቱ ወደዚህ ቢዞር ምን ይጐዳል?

በእኛ ቤት ነገሩ የተለወጠው በዓመቱ፣ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በሰው በሰው አግኝተን በሳምንት ሁለት ቀን መምጣት ከጀመረች በኋላ ነው። መጀመሪያ ያደረገችው ልጆቹን ከአልጋው ማራቅ ነበር። ከዚያም እቴቴን አስቀምጣ ያልተፈተለ ጥጥ በቀኝ እጇ ላይ አኖረች። አራት ሳምንት ጥጡ ይወድቃል። በአምስተኛው አውራ ጣቷ ያዘው። ሁላችንም ማጐረስ ስናቆም ሁለት ቀን ተቈጣችን፤ በሦስተኛው ቀን በግራዋ በላች። እግሯ ደኅና ሆኗል፤ በምርኩዝ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ትደርሳለች። እጇ ግማሽ ነው፤ ምናልባት ከዚህ አያልፍም። የምትፈትለው ክር ወፍራምና ጕብጕብ ያለ ስለ ሆነ ሸማኔው አይወስድም።

ንግግሯም በቃል በቃል መጣ። «እሺ» ብቻ የነበረው «እምቢ»ን ጨመረ፤ ባለሙያዋ በዚያ ቀን ከሁላችን ይልቅ ተደሰተች። ባለፈው ፋሲካ ለዕረፍት ስሄድ አጠገቧ ተቀመጥሁ፤ ብዙ ከታገለች በኋላ ሁለት ቃል አወጣች። «ላሜን… እምቢ» አለችኝ። ዓመት ሙሉ ይዛው ኖራለች።

የቃሉንና የሥዕሉን ሥራ ከሁለት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ጀምረነዋል፤ እስከ አሁን 60 የቤት ዕቃና የእርሻ መሣሪያ ስም ሰብስበናል። አንድ የሥነ ጥበብ ተማሪ ይሥልልናል። የኦሮምኛና የትግርኛ ተናጋሪዎች እንፈልጋለን፤ ሌላም ቋንቋ ያለው ይምጣ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከ11 ሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ እንገኛለን።